ከሕመም በኋላ የደረት ቅርጽ ሲለወጥና ትንፋሽ ሲያጥር

ከሳንባ ምች ወይም ከከባድ ጉንፋን ያገገመ ሰው በመስታወት ፊት ቆሞ ጎድኑ ሲቆጠር፣ አንዱ የደረቱ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ሲታየው ይደነግጣል። መደንገጡ አይፈረድበትም። ነገር ግን ለመጠበቅ ጊዜ የማይሰጡትን ምልክቶች አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ድንገት የጀመረ የደረት ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ የመጫን ስሜት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የከንፈር መጥቆር፣ ራስን መሳት ካለ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የአንድ እግር ባት ብቻ ካበጠም እንዲሁ፤ ብዙ ቀን ተኝቶ የከረመ ሰው እግር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሌሊት የሚያልብና የሚያከሳ ከሆነ ደግሞ የቲቢ ምርመራ ይደረግ።

አንዳንዱ ለውጥ ግን ቀድሞም የነበረ ነው። ከፍርምባ አጥንት ታችኛው ጫፍ፣ ከሆድ በላይ የሚዳሰሰው ጠጣር ነገር የአጥንቱ ጫፍ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሲከሳ ይጎላል። በተደጋጋሚ ሳል ደግሞ ጎድንን ከፍርምባ የሚያገናኘው ለስላሳ አጥንት ይቆጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ጎድን ባለው ስፍራ። ቦታውን ለማግኘት ከጉሮሮ ሥር ካለው ጉድጓድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበሉ፤ አግድም ጉብታ ይነካዎታል። በግራና በቀኙ ያለው 2ኛው ጎድን ነው። በአንድ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑ ያው የለመዱት ሕመም ከተነሳ መነሻው የደረት ግድግዳ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የልብ ሕመም የለም ማለት ግን አይደለም። ይህንን በሳምንት አንዴ ብቻ ይፈትሹ። ቀኑን ሙሉ መነካካት የተቆጣውን ቦታ መልሶ ያስቆጣዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በቦታው እብጠት ካለና ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም እያደገ ከሄደ ለሐኪም ያሳዩ።

ደረትዎ ሲተነፍሱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር በፍርምባ ታችኛው ጫፍ ትክክል በደረትዎ ዙሪያ ያድርጉ። አየሩን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው ይለኩ፤ ከዚያ እስኪሞላ ስበው እንደገና ይለኩ። ሦስት ጊዜ ደግመው ትልቁን ልዩነት ከቀኑ ጋር ይጻፉ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ። ትንፋሽዎን ሌላ ሰው አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠርልዎ፤ ራሱን የሚቆጥር ሰው ሳያውቅ አተነፋፈሱን ይለውጣል። ዐዋቂ ዐርፎ ሳለ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከ25 በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ይታዩ።

ለአተነፋፈስ ልምምድ ጀርባዎን በትራስ ደግፈው፣ አንድ እጅ በደረት አንድ እጅ በሆድ ያኑሩ። በአፍንጫ እስከ 2 እየቆጠሩ ይሳቡ፤ የሆዱ እጅ ይነሳ፣ የደረቱ ይርጋ። ሻማ ለማወዛወዝ እንጂ ለማጥፋት እንደማይነፍስ ሰው ከንፈርዎን አጥብበው እስከ 4 እየቆጠሩ ያስወጡ። 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። ጣት ከደነዘዘ ወይም ራስ ከዞረ በጣም አብዝተው እየሳቡ ነውና ያቁሙና በተለመደው መንገድ ይተንፍሱ።

ሲያስልዎ ትራስ ደረትዎ ላይ አጥብቀው ይቀፉ። ደረትን በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር ግን ጉዳት አለው፤ ትንፋሽ አጭር ይሆንና አክታ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ለብ ያለ ሙቀት ለ15 ደቂቃ ሕመሙን ያበርዳል። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበትና ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሆንም።

ራጅ ንጹሕ ነው ቢባሉ ሕመሙ የፈጠራ ነው ማለት አይደለም፤ ለስላሳው አጥንት በራጅ በደንብ አይታይም። የጻፉትን ይዘው ስለ ልብ ምርመራ፣ ስለ ደም ማነስና ወደ መሣሪያ በመንፋት የሳንባን አቅም ስለሚለካው ምርመራ ይጠይቁ።

እርምጃ ሲጀምሩ በሜዳማ ቦታ 5 ደቂቃ፣ እየተራመዱ ማውራት በሚችሉበት ፍጥነት ይሁን። በማግስቱ ካልባሰብዎ በየሦስት ቀኑ 1 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከባሰብዎ ወደ ቀድሞው ደቂቃ ይመለሱ።