ነርሲንግ ለመማር ወደ ጀርመን ስትሄጂ የምትጠነቀቂያቸው ስህተቶች

አውስቢልዱንግ (የጀርመን የሙያ ሥልጠና) የሚለውን ቃል ዛሬ ያልሰማ ወጣት ጥቂት ነው። ሦስት ዓመት እየተከፈለሽ ትማሪያለሽ፣ ከዚያ በሙያሽ ትቀጠሪያለሽ። ሰው ቤት ለመሥራት ወደ አረብ አገር ከመሰደድ እጅግ የተሻለ መንገድ ነው። ለዚህም ነው በሚወገድ ስህተት ሲበላሽ የሚያንገበግበኝ።

የሁሉ ከባዱ፣ እዚህ የተመረቀች ነርስ አውስቢልዱንግ ገብታ እንደገና ከዜሮ መጀመሯ ነው። ደላላው "ይሄኛው ይቀልሻል" ይላታል። ተመራቂ ከሆንሽ የአንቺ መንገድ አነርኬኑንግ ነው፤ ማስረጃሽን አስገምግመሽ እውቅና ማግኘት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተማርሽውን ከእነሱ ሥልጠና ጋር ያነጻጽራል። ጉድለት ካገኘ ወይ ፈተና ትወስጃለሽ፣ ወይ የማሟያ ሥልጠና ትገቢያለሽ። ስለዚህ ትራንስክሪፕት ብቻ ይዘሽ አትነሺ። የእያንዳንዱን ኮርስ ይዘትና የተግባር ልምምድ ሰዓትሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከኮሌጅሽ አስጽፊ። ከሄድሽ በኋላ በውክልና ማስጨረስ አበሳ ነው።

"ለትምህርት ቤቱ ክፈይ" ካሉሽ ተጠንቀቂ። በነርሲንግ አውስቢልዱንግ ሠልጣኟን የትምህርት ክፍያ የሚያስከፍል ውል በጀርመን ሕግ ዋጋ የለውም። ውሉንም ራስሽ አንብቢው።

ስለ ጀርመንኛ ችሎታ ደረጃ "ቢ1 ይበቃል" በሚለው ወሬ አትታለዪ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚያ ከፍ ያለውን ቢ2 ይፈልጋሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ቢያንስ 2,100 ሰዓት በክፍል፣ 2,500 ሰዓት በተግባር የምትማሪው በጀርመንኛ ነው። የባቫሪያ (የደቡብ ጀርመን ክልል) አዛውንት ደግሞ እንደ መጽሐፉ አይናገሩም። የመጀመሪያው 6 ወር የሙከራ ጊዜ ስለሆነ ቋንቋውን እዚያ እለምደዋለሁ ማለት አያዋጣም።

ሥራውን ሳያውቁ መሄድም አለ። እኛ ጋ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው አስታማሚ ነው። እዚያ ይህ የነርሷ ሥራ ነው። ገላ ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ከአልጋ ማንሳት ሁሉ የሙያው አካል ነው። "ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት?" ብለው ቅስማቸው የሚሰበር አሉ። እኔ ግን የታማሚን ገላ እያጠቡ ቁስሉን፣ እብጠቱን፣ ፍርሃቱን ማየት ትልቅ ሙያ ነው እላለሁ። አስቀድመሽ ወስነሽበት ሂጂ።

በመጨረሻ ገንዘብ። በመንግሥት ሆስፒታሎች የአንደኛ ዓመት ሠልጣኝ ደመወዝ ከ1,300 ዩሮ ያልፋል። ግብርና ኢንሹራንስ ይቆረጥበታል፣ የቤት ኪራይም አለ። ቤተሰብ ግን "ልጃችን ጀርመን ገባች" ብሎ በየወሩ ይጠብቃል። ያንን ለማሟላት የጎን ሥራ ስታበዢ የሚጎዳው ጥናትሽ ነው። እስክትመረቂ ድረስ ብዙ መላክ እንደማትችዪ ሳትሄጂ ንገሪያቸው፤ በቁጥር አስረጂያቸው።