ከልጆች ጋር ቅጠል ስትለቅሙ

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ልጆች ኪሳቸውን ሞልተው ይመጣሉ፤ በማግስቱ ተጨማድዶ ሲያገኙት ግን ይከፋቸዋል። መላው ቀላል ነው። ዝናብ ያረጠበውን ትታችሁ ገና ያልተሰባበረ፣ ሲታጠፍ የሚታዘዝ ቅጠል ምረጡ። በጋዜጣ ወረቀት መሃል ዘርግታችሁ ከወፍራም መጽሐፍ ሥር አስቀምጡት። በማግስቱ ወረቀቱን መቀየር እንዳትረሱ፤ እርጥበቱን የሚመጠው እሱ ነው። ካልተቀየረ ይሻግታል (የኛ የመጀመሪያው ዙር እንዲያ ሆኖ ተጥሏል)። ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል።

“ለምን ቢጫ ሆነ?” ካሏችሁ፣ ቢጫው ድሮም እዚያው ነበረ፤ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሸፍኖት ነው የቆየው በሏቸው። የኔዋ ትንሿ ይህን ከሰማች ወዲህ አንዱንም ቅጠል ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ሳታይ አታልፍም።