ከረዳት ውሻ ጋር ስትበሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

በቅርቡ አንዲት ልጅ ከአሜሪካ አየር ማረፊያ ደወለችልኝ። ቼክ ኢን ጋ ቆማ ታለቅሳለች። ውሻዋ ረዳት ውሻ ነው፤ ስኳሯ ሲወርድ ቀድሞ አሽትቶ እንዲቀሰቅሳት የሠለጠነ። አናሳፍርሽም ብለዋታል። «መታወቂያ አለው እኮ! ከፍዬ ነው ያወጣሁለት!» ትለኛለች። ይህን ከስንት ሰው እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ከሱ ልጀምር።

ኦንላይን የሚሸጥ «መታወቂያ» አትግዙ። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት የሚያውቀው የረዳት ውሾች መዝገብ የለም። ፎቶና ወርቃማ ማኅተም ያለበት ካርድ የሚልኩላችሁ ሰዎች ውሻውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ገንዘቡ ከገባላቸው በቃ፣ ካርዱ ይታተማል። ከማን ነው የሚወስዱት? ለመድኃኒትና ለሐኪም ከሚያወጣው ላይ ቆጥቦ ከሚከፍል ሰው። «ረዳት ውሻ» የሚል ሰደርያም ያው ነው፤ ቢለብሰው አይከፋም፣ ብቻውን ግን አያሳፍርም። አየር መንገዱ የሚጠይቃችሁ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያወጣውን ፎርም ነው። ፎርሙ በነፃ ይገኛል። ስለ ውሻው ጤና፣ ጠባይና ሥልጠና ይጠይቃል። የእንስሳት ሐኪሙን ስም ትጽፋላችሁ፣ ፊርማው ግን አያስፈልግም። ውሻውን ያሠለጠናችሁት እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁም ይፈቀዳል። ለካርዱ የሚከፈለው ብር እንዲሁ መና ይቀራል።

ልጅቷ ፎርሙ መኖሩንም አታውቅም ነበር። በስልክ መስመር በመስመር ሞላነው። በማግስቱ በረረች።

ፎርሙን ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት። ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ከቆረጣችሁ፣ አየር መንገዱ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ይድረሰኝ ማለት ይችላል። በ48 ሰዓት ውስጥ የተቆረጠ ከሆነ ግን አየር ማረፊያው ላይ ማስረከብ መብታችሁ ነው።

ሌላው፣ በአንድ ትኬት ሁለት አየር መንገድ ካለ ፎርሙን ለሁለቱም ላኩ። ይህን ስህተት እኔው ሠርቼዋለሁ። ለአንድ ዓይነ ስውር አባት ጉዞውን ሳዘጋጅ ለመጀመሪያው ብቻ ላክሁ። እሱ ለሁለተኛው ያስተላልፈዋል ብዬ ነበር። ትራንዚት ላይ አስቀሩት። ሌሊቱን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አደረ። ጠዋት ስደውልለት አልተቆጣኝም። «ውሻው እግሬ ላይ እንደተኛ ነጋ። ውሃ ብቻ ቸግሮን ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ትኬቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን የበረራ ቁጥር በጣቴ እየነካሁ እቆጥራለሁ።

«ምን ይሠራልሃል?» ሲባል «ያጽናናኛል» ብላችሁ አትመልሱ። ሠራተኞቹ ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላሉ፦ ውሻው ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ ነው ወይ? የሠለጠነው ምን ለመሥራት ነው? ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ አብሮ በመሆን ብቻ የሚያጽናና እንስሳ እንደ ማንኛውም የቤት እንስሳ ይቆጠራል። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ለዚያ የሠለጠነ ውሻ ካለው፣ መብቱ ከዓይነ ስውሩ እኩል ነው። ስለዚህ ሥራውን ተናገሩ። «ጭንቀቱ ሲነሳብኝ እጄን በአፍንጫው ይገፋል፣ ጭኔ ላይ ይጫናል» በሉ። አጭርና ግልጽ።

ሣር ላይ ብቻ መጸዳዳት የለመደ ውሻ ይዛችሁ ረጅም በረራ አትግቡ። 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚፈጅ በረራ ሌላ ፎርም ሊጠየቅ ይችላል። ውሻው እስከ መጨረሻው እንደሚታገሥ ወይም ንጽሕናን ሳያበላሽ እንደሚጸዳዳ ትፈርማላችሁ። ስትፈርሙ ግን እውነት ይሁን። በደንብ የሠለጠነ ውሻ ቤት ውስጥ መጸዳዳትን እንደ ነውር ነው የሚያየው። ፓድ፣ ማለትም ሽንት የሚመጥ ምንጣፍ፣ ብታነጥፉለትም ዞር ብሎ ያያችኋል እንጂ አይነካውም። ሽንቱን ይዞ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። ከሳምንታት በፊት ፓድ ላይ በትእዛዝ እንዲጸዳዳ አለማምዱት። መጀመሪያ ሣሩ ላይ ፓዱን አንጥፉ፣ ከዚያ በረንዳ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት።

የፊተኛውን ረድፍ ሁሌ የተሻለ ነው ብላችሁ አትምረጡ። ከፊት ግድግዳ ስላለ ውሻው ከወንበር ሥር የሚገባበት ቦታ የለውም። ብዙ ውሾች በመስኮት በኩል፣ ከፊት ካለው ወንበር ሥር ጥቅልል ብለው ሲተኙ ይረጋጋሉ። ጅራታቸውም ከምግብ ጋሪው ይተርፋል። የአደጋ መውጫ ረድፍ አይፈቀድም። ቦታው ለውሻው ካልበቃው ደግሞ በዚያው ክፍል ሌላ የሚመች ወንበር ካለ እንዲያዛውሯችሁ ጠይቁ።

ፍተሻ ላይ መታጠቂያውን አታውልቁለት።

ከጌት ሠራተኛ ጋር አትጨቃጨቁ። ይህ ስህተት ብዙ ሰው ከበረራው አስቀርቷል። ሠራተኛው ላያውቅ ይችላል። «ሲአርኦ ጥሩልኝ» በሉ። እያንዳንዱ አየር መንገድ የአካል ጉዳተኞችን ቅሬታ የሚፈታ ሲአርኦ የሚባል ኃላፊ፣ ቢያንስ በስልክ፣ ሊያቀርብላችሁ ግዴታ አለበት። የውሻው ዝርያ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ከከለከሏችሁ ምክንያቱን በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ውሻው ካጉረመረመ፣ ሰው ላይ ከዘለለ ወይም ጌት ላይ ከተጸዳዳ ግን መከልከላቸው ሕጋዊ ነው። እዚያ ላይ ልከራከርላችሁ አልችልም።

በመጨረሻ፣ መመለሻውን አትርሱ። መሄጃውን አሳምረው አዘጋጅተው መመለሻው ላይ የሚታገዱ አሉ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ፣ ረዳት ውሻም ቢሆን፣ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለውና የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት) ፎርም የተሞላለት መሆን አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከሚባሉ አገሮች ለሚመለስ ደግሞ ተጨማሪ ወረቀት አለ። ኢትዮጵያም በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ውሻው የተከተበው አሜሪካ ከሆነ፣ የክትባቱ ማረጋገጫ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚጸድቀው ከመነሳታችሁ በፊት ነው፤ ከሄዳችሁ በኋላ አይሆንም። ብሪታንያ የምትገቡ ደግሞ የኮሶ ትል መድኃኒቱን ከመድረሳችሁ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪም ሰጥቶት መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪሙን ቀጠሮ ያዙ።