የጋዝ ድብልቅ ቮልዩም አልመጣ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። የጋዝ ድብልቅ ላይ ስንደርስ ብዙ ተማሪ ይጨነቃል። ግን አይዟችሁ፣ የተሳሳተው መልስ ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ ያሳብቃል።

በአንድ ጥያቄ እንየው። 14 ግራም ናይትሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን ተደባልቀዋል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱ 0.76 አትሞስፌር ነው። የድብልቁ ቮልዩም ስንት ነው? ይህ ግፊት ከባህር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የከተማችን አየር ግፊት ነው። ሁለቱም ጋዞች ግማሽ ግማሽ ሞል፣ በድምሩ 1 ሞል ናቸው። ሞሉን በጋዝ ቋሚ ቁጥሩ በ0.0821 እና በኬልቪን በተሰላው ሙቀት አባዝተን ለግፊቱ ስናካፍል 31.7 ሊትር ገደማ ይመጣል።

መልሳችሁ 22.4 ከሆነ፦ ይህን ቁጥር በቃል ይዛችሁት ነው። የሚሠራው በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር ብቻ ነው። አራት ኪሎ ላይ አይሠራም።

2.2 ገደማ ከሆነ፦ 20ን እንዳለ አስገብታችኋል። ወደ ኬልቪን ለመቀየር 273 ደምሩበት።

0.04 ከሆነ፦ ግፊቱን በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ 578 ብላችሁ ወስዳችኋል። መጀመሪያ ለ760 አካፍሉት።

63 ገደማ ከሆነስ? እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሁሌ እጥፍ ይመጣብኛል» ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። መጀመሪያ ያየሁት ሞሉን ነው። ናይትሮጅንን ለ14፣ ኦክስጅንን ለ16 ያካፈለ ሰው 2 ሞል ያገኛል። ጋዞቹ ጥንድ አተም ስለሆኑ የሚካፈሉት ለ28 እና ለ32 ነው። እሷ ግን ይህን በትክክል ሠርታለች። ከስር «ናይትሮጅን 31.7፣ ኦክስጅን 31.7» ብላ ደምራቸዋለች። ለእያንዳንዱ ጋዝ የራሱን ድርሻ ግፊት (ከጠቅላላው ግፊት እሱ ብቻ የሚያሳድረውን)፣ 0.38ን ተጠቅማ ነበር።

እቤት ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ሁለቱም ሽታ ያንኑ ክፍል ይሞላል። ክፍሉ ግን ሁለት አይሆንም። ጋዝም እንደዚያው ነው፤ በራሱ ድርሻ ግፊት ሲሰላ የሚገኘው የሙሉው ዕቃ ቮልዩም ነው። ስለዚህ አይደመርም። መደመር ከፈለጋችሁ ለሁለቱም ጠቅላላውን ግፊት ተጠቀሙ።

በ0.76 እንደገና ሠራችው። 15.8 እና 15.8 መጣላት። ደመረችና 31.7 አካባቢ መሆኑን ስታይ፣ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።