እንጦጦን ተሻግሮ ጫንጮ፦ በዳገታማ አገር ብቻን እና በቡድን ብስክሌት ለመንዳት

ከአዲስ አበባ በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥቶ፣ እንጦጦን ተሻግሮ፣ በሱሉልታ ሜዳ ወደ ጫንጮ የሚዘልቀው የጎጃም መንገድ ዳገት መልመድ ለሚፈልግ ብስክሌተኛ በከተማዋ ዙሪያ ካሉት መንገዶች ሁሉ የተሻለ መማሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ጫንጮ ደርሶ መመለስ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ ብቻውን ብዙ አያስፈራም፤ መንገዱን የሚያከብደው እንጦጦ ሲሄዱም ሲመለሱም ከፊት የሚቆም መሆኑ ነው። ሲሄዱ ሰውነት ሳይሟሟቅ ዳገቱ ይቀበልዎታል፤ ሲመለሱ ደግሞ ከሱሉልታ በኩል ያለው አጭር ዳገት፣ ከበታቹ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም፣ የደከመን እግር ክፉኛ ይፈትናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚያተኩረው ለመመለሻ የሚሆን ጉልበት በማስቀረት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታው ማወቅ ያስፈልጋል። የሱሉልታ ሜዳ ራሱ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ልብ ላይለው ይችላል፤ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ግን እዚያ በቀላሉ የሚወጣውን ዳገት እዚህ ሲጀምረው ትንፋሹ ያጥረዋል። እንዲህ ያለ እንግዳ ቢያንስ አንድ ሳምንት በከተማው ውስጥ ቀለል ያለ ጉዞ ሲያደርግ ከርሞ ቢወጣ ይሻለዋል። ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ደግሞ ሳያፍር መመለስ አለበት።

ለብስክሌቱ ዝግጅት ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ዋናው ነገር ማርሹ ነው። ለውድድር በተሠሩ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ያለው የኋላ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ለዳገት በጣም ትንሽ ስለሚሆን፣ ጉልበትን ይሰብራል እንጂ ወደ ላይ አያወጣም። ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ለቀጥ ያለ ዳገት የሚበቃ ፍጥነት ነው። ለተራራ የተሠራ ብስክሌት ያለው ሰው ከዚህም የቀለለ ማርሽ ስለሚያገኝ ያለውን ይዞ ይውጣ። ከመነሳትዎ በፊት በነበረው ምሽት የፍሬኑን ላስቲክ ውፍረት፣ የሰንሰለቱን ቅባትና የጎማውን ጎን ይፈትሹ። ሁለት የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውለቂያና የእጅ መንፊያ ይያዙ። በከተማ ውስጥ ጎሚስታ በየመንደሩ ይገኛል፤ ከሱሉልታ ካለፉ በኋላ ግን የቀጭን ጎማ ጉዳይ የራስዎ ብቻ ይሆናል።

ጊዜን በተመለከተ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ይመረጣል። በዚያ ሰዓት መንገዱ ገና አይጨናነቅም፤ ከቀትር በኋላ በሜዳው ላይ የሚነሳውም ነፋስ አይደርስብዎትም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ወቅት ምርጥ ነው፤ በተለይ በጥቅምት መጀመሪያ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ አየሩ ጥርት ሲል ሱሉልታን የሚያይ ሰው ድካሙን ይረሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ጠዋት ላይ ውርጭ ስለሚኖር ጓንትና ነፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬት የግድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። እግር ገና ትኩስ ስለሆነ ፍጥነቱ የሚቻል ይመስላል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ጭን ይቃጠላል፣ የተቀረው ዳገትም ስቃይ ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፤ አጠገብዎ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልቻሉ ፍጥነትዎ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ብቻዎን ከሆኑ ለራስዎ ይናገሩ፤ እኔ ስወጣ ከአንድ እስከ አሥር ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ዳገቱ ከመበርታቱ በፊት ማርሹን ያቅልሉ፤ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል እየረገጡ ማርሽ መቀየር ሰንሰለቱን ሊያስወጣው፣ አልፎ አልፎም ሊበጥሰው ይችላል። አብዛኛውን መንገድ ኮርቻ ላይ ተቀምጠው፣ ትከሻዎን አላልተው፣ መሪውን ሳይጨብጡ ይዘው ይውጡ። መቆም ወገብን ለማሳረፍና አጭር ቀጥ ያለ ቦታን ለማለፍ ይጠቅማል፤ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ግን ጉልበት ይበላል። እንጨት ተሸክመው ከጫካው የሚወርዱ እናቶች በዳሩ ስለሚያልፉ፣ ቦታ ልቀቁልኝ ሳይሉ እርስዎ ይልቀቁላቸው።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ላብ በላብ ሆነው ወዲያው ቁልቁል አይልቀቁት። ቆመው ጃኬቱን ይልበሱ፣ ጥቂት ይቅመሱ፣ ከዚያ ይውረዱ። በቁልቁለት ላይ ፍሬንን ያለማቋረጥ መያዝ፣ በተለይ ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጥ ከሆነ፣ ብረቱን አግሎ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጠበቅ አድርጎ መያዝና መልቀቅን እያፈራረቁ ይውረዱ። ኩርባ ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት ይቀንሱ፤ በኩርባው ሲያልፉ የውጪው ፔዳል ወደ ታች ይሁን፣ ዓይንዎም የሚወጡበትን ቦታ ይመልከት። እኔ የወደቅኩት በመመለሻው ቁልቁለት፣ ወደ አዲሱ ገበያ ልደርስ ስቃረብ፣ ከዝናብ በኋላ ነው። ዳገቱን ጨርሻለሁ ብዬ ሐሳቤ ቤት ገብቶ ነበርና አስፋልቱ ላይ የፈሰሰውን ናፍጣ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ተራራው ጫፍ ላይ ስደርስ ሳልደክም እንኳ አምስት ደቂቃ አርፋለሁ።

ምግብ ከመራብ በፊት፣ ውኃም ከመጠማት በፊት መሆን አለበት። በየ40 ደቂቃው ጥቂት መቅመስ ይበቃል። ከውጭ የሚመጣውን ውድ ማሸጊያ ሳይፈልጉ በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጠው በአንዱ ኮዳ መያዝ ይችላሉ፤ በሌላው ንጹሕ ውኃ ይኑር። ጭኮ፣ ሙዝና ተምር ለኪስ ይመቻሉ። ቆሎ ግን ተቀምጦ ለማረፊያ ይቆይ፤ እያለከለኩ ቆሎ መብላት ሊያንቅ ይችላል። በጾም ቀን እስከ ቀትር ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ረጅሙን ጉዞ ወደ ሌላ ቀን ቢያዛውሩት መልካም ነው፤ ባዶ ሆድና ዳገት አይስማሙምና።

ብቻን መንዳት የራስን ልክ ለማወቅ የሚተካከለው የለም። የሚያስቸኩል የለም፣ የሚያሳፍርም የለም። ኃላፊነቱ ግን ይበዛል። የሚሄዱበትን መንገድና የመመለሻ ሰዓትዎን ለቤተሰብ ይንገሩ፣ ስልክዎ ይሞላ፣ የታክሲ ወይም የሚኒባስ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ስለ መንገዱ ሰላምና ሁኔታ በዚያው ቀን ከመናኸሪያ ሾፌሮችን ይጠይቁ፤ አትሂድ ካሉዎት አይሂዱ። ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪናዎችና አይሱዙዎች በዚህ መስመር ስለሚበዙ ደማቅ ልብስ ይልበሱ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሙዚቃ አይስሙ። ውሻ ሲያባርርዎት መሮጥ ያብሰዋል፤ ወርደው ብስክሌቱን በመካከል አድርገው በእግርዎ ሲራመዱ አብዛኛው ይተወዎታል። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ይቁሙ፤ የመጀመሪያዋ ላም ካለፈች ተከታዮቹ መምጣታቸው አይቀርም። ልጆች እየጮሁ ከጎን ሲሮጡ ከሩቅ በአካባቢው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠት ብዙ ነገር ያበርዳል። ፊቱን አኮሳትሮ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ላይ ነው ድንጋይ ሲወረወር ያየሁት።

በቡድን መንዳት ሌላ ጥበብ ይፈልጋል። በሜዳ ላይ ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ነፋሱ ስለሚከለልለት ከጉልበቱ ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ስለዚህ ከፊት መሆን በተራ ይሁን፤ ተራው የደረሰ ሰው የቡድኑን ፍጥነት ይጠብቅ እንጂ ጉልበቱን አያሳይበት። የፊት ጎማዎ ከፊት ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ለጎን እንዳይደራረብ ይጠንቀቁ፤ ያ ሰው በትንሹ ቢያዘነብል የሚወድቁት እርስዎ ነዎት። የፊተኛው «ጉድጓድ!»፣ የኋለኛው «መኪና!» ሲል ሁሉም ቃሉን ተቀብሎ ያስተላልፍ።

ዳገት ላይ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከሰው ጀርባ መጠጋት ብዙም አይጠቅምም። በዚህም ምክንያት ሁሉም በየአቅሙ ይውጣና ጫፍ ላይ ይገናኝ። ከደካማው ጋር ግን ልምድ ያለው አንድ ሰው ደጀን ሆኖ ይውጣ፤ ይህ ሰው ከጉዞው በፊት በስም የተመረጠ እንጂ በአጋጣሚ የሚገኝ መሆን የለበትም። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ጫፍ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ቀድመው ደርሰው ያረፉት ተነስተው «እንሂድ» ማለታቸው ትልቅ በደል ነው። ከሁሉ ይልቅ የደከመው እሱ ሆኖ ሳለ ዕረፍት የሚከለከለው እሱ ይሆናል። እሱ ከደረሰ በኋላ ሙሉ አምስት ደቂቃ ይቆጠር። ይህን የማይጠብቅ ቡድን ጀማሪዎቹን በሁለተኛው እሑድ ሲያጣ አይቻለሁ።

ጫንጮን ደርሰው ሳይንገላቱ መመለስ ከቻሉ፣ ቀጣዩ ደረጃ የደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ሄደው አድረው ይመለሱ። ከዚያ ወዲያ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ አለ። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ማለት ነው፤ ወንዙ ዳር ያለው ሙቀት ደጋ ለለመደ ሰው ከዳገቱ አያንስም። ለዚያ ጉዞ የሚከተል መኪና፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር ውኃ፣ እንዲሁም ከድልድዩ ማዶ ያለውን ዳገት ከረፋዱ በፊት ለመጀመር የሚያስችል አነሳስ ያስፈልጋል።