ያልተከፈለዎትን ደመወዝ በአሜሪካ እንዴት ማስመለስ ይችላሉ፦ ሕጉ ከግዛት ግዛት ሲለያይ

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቀኑን ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያንን ሲንከባከብ ውሎ፣ ምሽቱን ዋሽንግተን ዲሲ መሐል በሚገኝ ፓርኪንግ ቢያመሽ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የተለያዩ የሠራተኛ ሕጎች ይመለከቱታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የደከሙበትን ገንዘብ የሚያጡት ሕግ ስለሌላቸው ሳይሆን፣ የትኛው ሕግ የእነርሱ እንደሆነና እስከ መቼ መጠየቅ እንደሚችሉ የሚነግራቸው ሰው ስላጡ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው የተሠራበትን ቦታ ይለዩ። ሕጉን በአብዛኛው የሚወስነው መኖሪያዎ ወይም የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ በአካል ተገኝተው የሠሩበት ስፍራ ነው። ከሥር የፌዴራሉ ሕግ አለ፤ በ1938 የወጣው ይህ ሕግ የሚመለከተው ሠራተኛ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት ከ7.25 ዶላር በታች ሊከፈለው አይችልም፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ግዛቶች በዚህ ላይ መጨመር እንጂ ከዚህ መቀነስ አይችሉም። ቴክሳስ ከፌዴራሉ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል አልፋ አልሄደችም፤ ጆርጂያ በራሷ ሕግ የጻፈችው 5.15 ዶላር ቢሆንም አብዛኛውን ሠራተኛ የሚጠብቀው የፌዴራሉ ነው። በ2026 መግቢያ ላይ በሰዓት የሚከፈለው ዝቅተኛ ደመወዝ በቨርጂኒያ 12.77፣ በሜሪላንድ 15፣ በዲሲ 17.95 ዶላር ነበር። የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ መሻገር ብቻ በሰዓት ከ5 ዶላር በላይ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። ካሊፎርኒያ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚቆጠረው በሳምንቱ ብቻ ሳይሆን በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሲሠሩም ጭምር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ሞንትጎመሪ ያሉ አውራጃዎች የራሳቸው ከፍ ያለ ወለል ስላላቸው፣ የግዛቱን ብቻ አይተው አይቁሙ።

ቀጥሎ በሕጉ ፊት ምን እንደሆኑ ያረጋግጡ። አሠሪው በዓመቱ መጨረሻ ለተቀጣሪ የሚሰጠውን የግብር ቅጽ ደብሊው-2 ሳይሆን ለተቋራጭ የሚሰጠውን 1099 ስለሰጠዎት ብቻ የግል ተቋራጭ አይሆኑም፤ ሰዓትዎን፣ ቦታዎንና አሠራርዎን የሚወስነው እርሱ ከሆነ በአብዛኛው ተቀጣሪ ነዎት። «ወርኃዊ ደመወዝተኛ ስለሆንክ ኦቨርታይም የለህም» የሚባለውም ብቻውን አይበቃም፤ የሥራው ዓይነትና የክፍያው መጠን ይታያል። የመኖሪያ ወረቀት ያልተሟላለት ሰውም ቢሆን አስቀድሞ ለሠራው ሥራ ዝቅተኛውን ደመወዝና የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን የምደግመው በፍርሃት ዝም ያለ ሰው በዙሪያችን ስለሚበዛ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ሥራ ማስረጃ መያዝ ነው። ትንሽ ደብተር ይግዙና የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በዕለቱ ይጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ አስታውሶ መጻፍ ያሳስታል። እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሆን ጥንቃቄ አለ፦ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት» ብለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢጽፉ፣ የሚያነበው መርማሪ የሚረዳው ከሌሊቱ ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ሌሊት እንደሠሩ ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር 7 ኤኤም፣ 8 ፒኤም ብለው ይጻፉ፤ ቀኑንም እንዲሁ በፈረንጆቹ ያድርጉት። የክፍያ ቁራጮችን፣ አለቃዎ ፈረቃ የቀየረበትን የስልክ መልእክትና የሥራ ሰሌዳውን ፎቶ ያስቀምጡ። ደብተር ሳይዙ ጊዜው ካለፈም ተስፋ አይቁረጡ። ሰዓት መዝግቦ የመያዝ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ እርሱ ሳይመዘግብ ከቀረ ሠራተኛው በተገቢ ግምት ማስረዳት እንደሚበቃው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 ወስኗል።

ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ። ዲሲ ውስጥ በሰዓት 18 ዶላር እየተከፈለው በሳምንት 52 ሰዓት የሠራ ሰው በቼኩ ላይ 936 ዶላር ብቻ ካየ፣ ሁሉም ሰዓት በመደበኛው ዋጋ ተከፍሏል ማለት ነው። የቀረው ለ12ቱ ትርፍ ሰዓት ግማሹ፣ ማለትም በሰዓት 9 ዶላር ነው፤ በሳምንት 108፣ በ50 ሳምንት 5,400 ዶላር ይሆናል። አንዳንድ አሠሪዎች ሰዓቱን ከፋፍለው በሁለት ኩባንያ ስም ሁለት ቼክ ይሰጣሉ፤ ከሁለቱ ጀርባ ያለው አሠሪ በእርግጥ አንድ ከሆነ ግን ሰዓቱ ተደምሮ ይቆጠራል።

ሒሳቡን ከያዙ በኋላ አሠሪውን በጨዋ ቃል፣ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። መልስ ካላገኙ አቤቱታዎን ሥራው ለተሠራበት ቦታ መሥሪያ ቤት ያቅርቡ፦ በዲሲ በሥራ ስምሪት አገልግሎት መምሪያ ሥር ላለው የደመወዝና የሥራ ሰዓት ቢሮ፣ በሜሪላንድ ለሠራተኛ መምሪያው፣ በቨርጂኒያ ለሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያው። የፌዴራሉ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 ይገኛል፤ አቤቱታውን ለማቅረብ ክፍያ የለውም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛም በሚገባ የሚታወቅ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ልጅዎን ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግዎትም፤ «አማርኛ» ብለው ይጠይቁ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በፌዴራሉ ሕግ 2 ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ከጣሰው 3 ዓመት ነው፤ በዲሲና በሜሪላንድ በአጠቃላይ 3 ዓመት ይሰጣል። ቴክሳስ ለሚገኘው የግዛቱ የሥራ ኃይል ኮሚሽን (Texas Workforce Commission) የሚቀርብ የደመወዝ አቤቱታ ግን ክፍያው ይገባ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ዳላስና ሂዩስተን ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የሚያስመልሱት ገንዘብም ይለያያል። የፌዴራሉ ሕግ በቀረው ገንዘብ ላይ ያንኑ ያህል ካሣ ሊጨምር ሲችል፣ በሜሪላንድ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ከያዘው ፍርድ ቤት እስከ ሦስት እጥፍ ሊወስን ይችላል።

አቤት በማለቴ እባረራለሁ ብለው ይሰጉ ይሆናል። ከሞንታና በቀር በሁሉም ግዛቶች አሠሪ ያለ ምክንያት ማሰናበት መቻሉ እውነት ነው፤ ደመወዙን ስለጠየቀ ሠራተኛን መበቀል ግን በሕግ የተከለከለ ነው፣ ራሱን የቻለ አቤቱታም ይሆናል። ቢሰናበቱ የመጨረሻው ቼክ መቼ እንደሚደርስ ይወቁ፦ ካሊፎርኒያ በዚያው ዕለት፣ ዲሲ በሚቀጥለው የሥራ ቀን፣ ቴክሳስ በ6 ቀን ውስጥ ትላለች፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ እስከ መደበኛው የክፍያ ቀን ይፈቅዳሉ። ከቼኩ ጋር የሚፈረም ወረቀት ከቀረበልዎ «ላስነብበው» ብለው ይዘውት ይውጡ፤ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም የሚል ቃል ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሳይረዱት በዚያች ሰዓት እንዳይፈርሙ።