የተተወ ድራይቭ-ኢን ሲኒማ ትዝታው ሳይጠፋ እንዴት ይመዘገባል?

መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የሚታይበት ሜዳ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይፈርስም። በሩ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ምሰሶው ይዝጋል፣ መኪና ይቆምበት የነበረው ቦታ ቁጥቋጦ ያበቅላል። ከዓመታት በኋላ መሬቱ ሲሸጥ ቡልዶዘር ይገባና በጥቂት ቀን ሁሉም ያልቃል። መመዝገብ የሚቻለው በዚህ መሀል ባለው ጊዜ ነው።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ካርታ፣ ቀጥሎ ሜዳው፣ ከዚያ የድሮ ጋዜጣ፣ በመጨረሻ ሰው። ብዙዎች ከሰው ይጀምራሉ፤ የሚያገኙትም "ደስ የሚል ጊዜ ነበር" የሚል መልስ ነው። ረድፎቹን፣ በሩንና መክሰስ ቤቱን የሚያሳይ ወረቀት ፊታቸው ሲዘረጋ ግን እነዚያው ሰዎች ጣታቸውን አሳርፈው "እዚህ ነበር የምንቆመው" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው አይቆምም።

ምሳሌዎቹ ከአሜሪካ ናቸው፤ ይህ ዓይነቱ ሲኒማ የተጀመረው እዚያ ነውና። ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የመጀመሪያውን በካምደን፣ ኒው ጀርሲ አካባቢ ጁን 6 ቀን 1933 ከፈተ። በ1958 ግድም በአገሪቱ ከ4,000 በላይ ነበሩ፤ ዛሬ የሚሠሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካርታው ላይ ማግኘት

ጎግል ኧርዝ ፕሮን ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፤ ነፃ ነው። ቦታውን ካገኛችሁ በኋላ የሰዓት ምልክቷን ተጭናችሁ ወደ ድሮዎቹ ምስሎች ተመለሱ። ለ1950ዎቹና ለ60ዎቹ የሚሻለው የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት (ዩኤስጂኤስ) የሚያስተዳድረው ኧርዝ ኤክስፕሎረር የተባለ ድረ ገጽ ነው፤ ተመዝግባችሁ ከአውሮፕላን የተነሱ የድሮ ፎቶዎችን ያለ ክፍያ ታወርዳላችሁ።

የምትፈልጉት ተከታታይ ቅስት ነው። ከላይ ሲታይ በደንብ የተሠራ እርከን ይመስላል፦ ቅስቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይዞራሉ፤ እስክሪኑ የነበረው እዚያ ነጥብ ላይ ነው። መሀል ላይ የምትታየው ትንሽ አራት ማዕዘን ቤት ፕሮጀክተሩና መክሰስ መሸጫው ናቸው። ተንቀሳቃሽ ቤቶች የሚቆሙባቸው ሰፈሮችና የፍራፍሬ እርሻዎች አንዳንዴ ያሳስታሉ። ስለዚህ በፕሮግራሙ መለኪያ መኪኖቹ ይቆሙባቸው ከነበሩት የአፈር ጉብታዎች ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ለኩ፤ 12 ሜትር ገደማ ከሆነና ርቀቱ በየረድፉ እኩል ከመጣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናችሁ።

አካባቢው ሙሉ በሙሉ ተገንብቶበት ከሆነ የመንገድ ስም ተመልከቱ። "ድራይቭ-ኢን" የሚል ስም ሲኒማው ከጠፋ በኋላም ይቆያል። እስራኤል ላላችሁ፣ በቴል አቪቭ "ድራይቭ-ኢን አሬና" ተብሎ የተከፈተው የስፖርት አዳራሽ ስሙን የወሰደው ቀድሞ በቦታው ከነበረው የመኪና ሲኒማ ነው።

ሜዳው ላይ

ሰው የሌለበት መሬት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የንብረት ግብር ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ የባለቤቱ ስም ይወጣል። ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤው ውስጥ ፎቶ ከማንሳትና ከመለካት በቀር ምንም እንደማትነኩና ለራሳችሁ ደኅንነት ኃላፊነት እንደምትወስዱ ግለጹ። እምቢታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ "ጉዳት ቢደርስባቸው ይከሱኛል" ከሚል ስጋት ነው።

ቅጠል ረግፎ ሣር የሚተኛበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ይመረጣል። በአሜሪካ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ጉብታዎቹ በሣር ይዋጣሉ፣ መዥገርም ይበዛል፣ ባዶ ቱቦዎች ውስጥም ተርብ ይሰፍራል። ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፤ የቴታነስ ክትባታችሁ ከ10 ዓመት ካለፈው አድሱ።

አደገኛው ነገር ሚስማሩ ወይም ዝገቱ ብቻ አይደለም። የአንዳንድ እስክሪኖች ገጽ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) በተቀላቀለበት የሲሚንቶ ሰሌዳ የተለበጠ ነው፤ የፕሮጀክተር ክፍሉ ግድግዳም እሳት እንዲቋቋም በዚሁ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ተሰብሮ የወደቀ ግራጫ ሰሌዳ ካያችሁ አትርገጡት፣ አታንሱት፣ ከሩቅ ፎቶ አንሱት። የተለመደው የሕክምና ጭምብል ከዚህ ብናኝ አያድንም። ጣሪያው የጎበጠ ቤት ውስጥም አትግቡ፤ በመስኮት በኩል የሚነሳ ፎቶ ይበቃል።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እስክሪኑን ነው። እኛ ግን ከራምፑ ጀምሩ እንላለን። ራምፕ ማለት መኪናው የፊት ጎማውን ከፍ አድርጎ የሚቆምበት የአፈር ጉብታ ነው፤ የሆሊንግስሄድ የፈጠራ መብት ዋና ነገርም ይኸው ነበር። ከፊት ያሉት ረድፎች ወደ ላይ አንጋጠው ስለሚያዩ ጉብታቸው ይበልጥ ያዘነበለ ነው፤ ወደ ኋላ በሄዳችሁ ቁጥር ይለዝባል። 3 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ፤ አንዱን ጫፍ ጉብታው አናት ላይ አሳርፋችሁ ሌላው ጫፍ ከመሬት በስንት ሴንቲ ሜትር እንደተነሳ ጻፉ። በእያንዳንዱ ረድፍ ቢያንስ በሦስት ቦታ ለኩ፤ የአፈር መሸርሸር አንዱን ልኬት ያዛባዋል። እስክሪኑ ፈርሶ ከሆነ የቆመበትን አቅጣጫ የሚነግራችሁ ይህ ሰንጠረዥ ነው።

ቀጥሎ ምሰሶ መቁጠር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድምፁ የሚመጣው መስኮት ላይ ከሚንጠለጠል ትንሽ ስፒከር ነበር፤ በሁለት መኪኖች መካከል አንድ የብረት ቱቦ፣ በላዩም ሁለት ስፒከር ይኖራል። ስለዚህ የምሰሶው ቁጥር ሲባዛ በሁለት የሜዳውን አቅም ይሰጣል። የረድፍ ጫፍ ላይ ያለው ምሰሶ ግን ለአንድ መኪና ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከፕሮጀክተር ክፍሉ ፊት ለፊትም ብርሃኑ እንዳይጋረድ መኪና የማይቆምበት ክፍት ቦታ ይተዋል። ምሰሶዎቹ ተቆርጠው ከሆነ ሣሩ ውስጥ የቀረውን የኮንክሪት ጉርድ ፈልጉ፤ የተቆረጠው ቱቦ ስለት የጫማ ሶል ይበሳልና በዱላ እየነካካችሁ ሂዱ። የቀረ ስፒከር ካለ ብረቱ ላይ በቅርጽ የወጣውን የአምራች ስም ጽፋችሁ እዚያው ተዉት።

እስክሪኑ ጋ ስትደርሱ መጋጠሚያዎቹን እዩ። ሲኒማስኮፕ በ1953 ከመጣ በኋላ ብዙ ባለቤቶች ሰፊውን ምስል ለማስተናገድ ግራና ቀኙን ቀጥለዋል። የመሀሉ ሰሌዳ አንድ ዓይነት፣ የዳርና የዳሩ ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ ወይም ሚስማሩና የቀለሙ ንብርብር ከተለያየ፣ ሜዳው ከዚያ ዓመት በፊት የተከፈተ ለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስክሪኑ ለምትጠልቅ ፀሐይ ጀርባውን ይሰጣል፤ አቅጣጫውን በኮምፓስ ያዙ።

ፎቶ የምታነሱት ፀሐይ ስትወጣ ወይም ልትጠልቅ ስትል፣ ከጎን ይሁን። ቀትር ላይ የተነሳ ራምፕ ጠፍጣፋ መሬት ይመስላል፤ ጥላ ሲያርፍበት ግን እያንዳንዱ ጉብታ ተለይቶ ይታያል። በየፎቶው የአንድ ሜትር ዱላ ይግባ፣ የስልካችሁ የቦታ መመዝገቢያም ይከፈት። ድሮን ካላችሁ፣ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ለመዝናኛ የሚያበርም ነፃውን የደኅንነት ፈተና ማለፍ፣ ከ120 ሜትር በላይም አለመውጣት ግዴታው ነው።

ቀን ማረጋገጥ

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን በማይክሮፊልም ወይም በኮምፒውተር ያቀርባል። የፊልም ማስታወቂያ ገጹን ከጸደይ ጀምሩ፤ ቀዝቃዛ ግዛቶች ውስጥ የሚከፈተው ያኔ ነው። ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት እዚህ አለ፦ ማስታወቂያው ኦክቶበር ላይ ቆመ ብሎ "በዚህ ዓመት ተዘጋ" ማለት። የቅዝቃዜው ወቅት ስለገባ ብቻ የቆመ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ጸደይ ሳታዩ የመዝጊያ ዓመት አትጻፉ። ስሙ ተቀይሮ ከሆነም አድራሻውን እንጂ ስሙን አትከተሉ።

ሰዎቹን ማነጋገር

ካርታውን በትልቅ ወረቀት አትሙ፣ እርሳስም ያዙ። የድምፅ መቅጃውን በዋቭ ፋይል፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉ፤ ስልክ ከሆነም ጥሪ እንዳያቋርጠው በረራ ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ ከተናጋሪው ግማሽ ሜትር ያህል አስቀምጡ። ድምፁ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው የሚገልጽ ፈቃድ ከመጀመራችሁ በፊት ይፈረም።

"ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?" ብላችሁ አትጀምሩ። "መኪናው ምን ነበር? ማን ይነዳል? ከኋላ ማን ተቀመጠ?" ብላችሁ ጠይቁ። መኪናው ሲታወስ ዓመቱ ይጠብባል፤ ማን ተወልዶ እንደነበር ሲታወስ ደግሞ ይበልጥ ይጠብባል። ያዩት ፊልም ግን አስተማማኝ ምስክር አይደለም፤ ድራይቭ-ኢኖች ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት ከተማ ውስጥ ታይቶ ያለቀውን ፊልም ነውና ከወጣበት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊዘገይ ይችላል።

የድምፅ ጥያቄ ጥሩ የዘመን መለኪያ ነው። ስፒከር መስኮት ላይ ሰቅለው ነበር ወይስ በመኪናው ሬዲዮ ሰሙ? በሬዲዮ ከሆነ ወደ 1970ዎቹና ከዚያ በኋላ ያመራል። ስፒከሩን ሳያወርዱ መንዳትና ገመዱን መበጠስ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነገር ነው፤ በዚያው ሠራተኞቹ ምን እንዳሉ፣ ማን እንደጠገነው ይወጣል። የሽታ ጥያቄም አትርሱ፦ ፈንዲሻ፣ የሚጤሰው የትንኝ ማባረሪያ፣ የረጠበ ሣር። ፊልሙ ስንት ሰዓት ይጀምር እንደነበርም ጠይቁ፤ የ1966ቱ የሰዓት ሕግ ከወጣ በኋላ ብዙ ግዛቶች በበጋ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ስለገፉ ጨለማው ዘገየ፣ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦችም ከበደ።

በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች የማይገቡባቸው ወይም ለብቻቸው በተከለለ ስፍራ የሚቆሙባቸው ድራይቭ-ኢኖች ነበሩ። ይህን ያሳለፉ ጥቁር አዛውንቶችን ፈልጉ፤ ካርታው ላይ የተከለለውን ቦታ ራሳቸው ያሳዩ። ይህ ሳይጠየቅ የተሠራ መዝገብ ጎዶሎ ነው።

ቀደም ብለው ወደ አሜሪካ የመጡ ኢትዮጵያውያን ካሉ በአማርኛ ቅዱ። ጋሼ ወይም እትዬ ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፣ በእንግሊዝኛ እንዲያወሩም አትጫኑ። ሁለት ነገር ግን በዚያው ቅጂ ላይ አጣሩ። "በ72 ነው የመጣሁት" ሲሉ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው፤ 1972 ዓ.ም. ማለት 1979 ወይም 1980 ነው። "ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምር ነበር" ሲሉም ከምሽቱ ሦስት መሆኑን ጽሑፉ ላይ በግልጽ አስቀምጡ፤ ኋላ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው ከሰዓት በኋላ ሦስት አድርጎ ይጽፈዋል፤ በቀን ብርሃን ደግሞ እስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም።

የፕሮጀክተር ሠራተኛ ካገኛችሁ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ሪል (ጥቅል) 2,000 ጫማ ያህል ነው፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለት ማሽን እየተፈራረቁ ማሳየት ያስፈልግ ነበር። መብራቱ የካርቦን አርክ (እየነደደ በሚያልቅ የካርቦን ዘንግ የሚበራ) ነበር ወይስ ዜኖን (በጋዝ የተሞላ አምፖል)? ዘንጉ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ከመኪኖቹ የሚመጣው የጥሩምባ ጩኸትስ? እንዲህ ብላችሁ ስትጠይቁ እጁን እያንቀሳቀሰ ያስረዳል፤ ከተስማማ ቪዲዮ ቅዱ።

ማስቀመጥ

ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ በኮምፒውተራችሁ፣ አንዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ሌላ ቤት ውስጥ ወይም ኢንተርኔት ላይ። የፋይሉ ስም ቀኑን፣ ቦታውንና ተራ ቁጥሩን ይያዝ። የአማርኛ ቅጂ ከአጭር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ጋር ለአካባቢው የታሪክ ማኅበር ወይም ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ይሰጥ። ፎቶ ያነሳችሁባቸውን አምስት ወይም ስድስት ነጥቦች ጂፒኤስ ቁጥርና የኮምፓስ አቅጣጫ በተለየ ሰንጠረዥ ጽፋችሁ አያይዙ፤ ቦታው ሲፈርስ ወይም ሲገነባበት ሌላ ሰው ከዚያው ነጥብ ላይ ቆሞ እንዲያነሳ።